የካሉብ ጋዝ ካዛንቺስ ማድቤት አይገባም

ካሉብ ላይ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተመረቀ ሰሞን፣ ካዛንቺስ አንዲት ጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ልጅቱ ከሰሏን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። አጠገቤ የተቀመጡ ጡረተኛ መሳይ ሰው ጋዜጣቸውን አጠፉና፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ጭስ ልትገላገዪ ነው፤ ጋዛችን ወጣ እኮ!» አሏት። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ጋሼ፣ ስንት ነው ሊሸጡልን?» አለች። ሰውየው መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም።

የሰውየው ተስፋ የብቻቸው አይደለም። በዜና፣ በስብሰባ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር የምሰማው እምነት ነው። ሲጠቀለል እንዲህ ይላል፦ ጋዙ የራሳችን ስለሆነ ዋስትና ነው፤ ከከሰልና ከናፍጣ ስለሚሻል ንጹህ ነው፤ ስለዚህ ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ የምንሻገርበት ድልድይ እሱ ነው። ሦስቱም በየፊናቸው ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ተደምረው ግን ስህተት ይሆናሉ፤ ስህተቱ ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍለው ያችን ቡና ሻጭ ነው።

ርዕሴ ላይ «አይገባም» ያልኩት አውቄ ነው። ቃሉ ሁለት ነገር ይሸከማል። ጋዙ መንገድ ስለሌለው ካዛንቺስ ማድቤት አይገባም። መንገድ ቢቀደድለትም መግባት አይገባውም። የመጀመሪያው የቧንቧና የሙቀት ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ክርክር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ግራ መጋባቱ ከስሙ ይጀምራል። እኛ «ጋዝ» የምንለው ሦስት ነገር ነው። በኩራዝና በፋኖስ የሚነደው፣ በኋላም የድሃው ምድጃ ሁሉ የኖረበት ነጭ ጋዝ አለ፤ ላምባ የሚሉትም አሉ። በብረት ሲሊንደር የሚመጣው ቡታ ጋዝ አለ፤ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ይቻላል። ሦስተኛው ካሉብ የወጣው ነው፤ በአብዛኛው ሚቴን። ሚቴንን በእቃ ውስጥ ቢጫኑት በተራ ሙቀት ፈሳሽ አይሆንም። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት፤ ያኔ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ይህን ፈሳሽ እንደ ትልቅ ቴርሞስ በተሠራ ቦቴ ጭኖ ለፋብሪካ ወይም ለከባድ መኪና ማድረስ ይቻላል። አልጋ ሥር ማስቀመጥ ግን አይቻልም። ወደ ቤት የሚገባው ከመሬት በታች በተዘረጋ ቧንቧ ብቻ ነው።

ካዛንቺስ ደግሞ በቅርቡ ተቆፍሮ የተደፈነ ሰፈር ነው። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርሰው አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፣ አስፋልቱ ሰፋ፣ በየምሰሶው ተንጠልጥሎ የነበረው ገመድ መሬት ውስጥ ገባ። የመብራት፣ የውኃ፣ የስልክ መስመር ተቀበረ። የጋዝ ቧንቧ ግን ማንም አልቀበረም። ስለዚህ ሰውየው በጋዜጣ ያነበቡት ጋዝና ቡና ሻጯ የምትገዛው ጋዝ በስም ብቻ ይገናኛሉ። የሲሊንደሩ ጋዝ ዛሬም በጅቡቲ በኩል፣ በዶላር ተገዝቶ ይመጣል። መርከብ ሲዘገይ ወይም ምንዛሪ ሲጠፋ ከገበያ ይጠፋል። እኔ ራሴ ባዶ ሲሊንደር ለወራት የአበባ ማስቀመጫ መቀመጫ አድርጌ ያኖርኩበት ጊዜ ነበር።

«ታዲያ ላም አለኝ በሰማይ ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ላሟ ሰማይ ላይ አይደለችም፤ ቆራሔ ዞን፣ ሺላቦ ወረዳ ውስጥ ያለች እውነተኛ ላም ናት። በ2014 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ መርማሪ ድርጅት ክምችቱን ሰባት ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ያህል ነው ብሎ አረጋግጧል። የምጠራጠረው ወተቷ የሚፈላው በየትኛው ምድጃ ላይ እንደሆነ ነው።

የላሟ ታሪክም ረጅም ነው። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብን ያገኘው በ1960ዎቹ፣ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ ነበር። አብዮቱ መጣና ኩባንያው ወጣ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ደርግም ሄደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም ባንክ ለካሉብ ልማት ብድር ፈቅዶ ነበር፤ ማድቤት ድረስ የመጣ ነገር አልነበረም። ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፤ ወጣ። በ2006 ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ገባ፤ በ2010 ክረምት መግቢያ የድፍድፍ ዘይት ሙከራ ምርት ተጀመረ ተብሎ ደስ ብሎን ነበር፤ በ2011 ወደ ጅቡቲ የሚዘረጋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ስምምነት ተፈረመ፤ በ2015 ፈቃዱ ተሰረዘ። አሁን ያስመረቀው ጎልደን ኮንኮርድም የዚያው የጂሲኤል ቤት ልጅ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ መንግሥት ካሉብን በየራሱ ዘመን እንደ አዲስ አግኝቶታል ማለት ይቻላል።

ደምም አለበት። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በኦቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ስለ «ኃይል ዋስትና» በምቹ ወንበር ስናወራ ይህን ቀን የሚያነሳ ሰው ብዙ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ቁጥር ስሜት ያረጋጋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የማምረት አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው። 111 ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚይዘው ጉልበት አንድ ሊትር ናፍጣ ከሚይዘው ስድሳ በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ከ70 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ በታች ነው፤ አገሪቱ ደግሞ በዓመት የምታስገባው ነዳጅ በቢሊዮን ሊትር የሚቆጠር ነው። ጋዙ ሁሉ ተቃጥሎ ወደ መብራት ቢለወጥ ግማሽ ያህሉ በሙቀት ስለሚባክን፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት ይሰጣል ተብሎ ከታሰበው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ከአርባ አንዱን እጅ አይሞላም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ ካሉብ የተመረቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር እንዲሆን ታቅዷል። ይሁንና ገና ዕቅድ ነው፤ ከካሉብ ጋር የተያያዘ ዕቅድ ደግሞ እንዴት እንደሚያረጅ ከላይ ቆጥረናል።

ይህን የምለው ጋዙን ለማንቋሸሽ አይደለም። በጎዴ ሊቆም የታሰበውን የማዳበሪያ ፋብሪካ ከልቤ እደግፋለሁ። በነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት ያለመ ነው። ገበሬያችን በዓመት የሚፈልገው ከ2 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ማዳበሪያ በዶላር ይገዛል። ሚቴን ከማቃጠል ይልቅ ወደ ዩሪያ ቢለወጥ ሌላ በቀላሉ የማይተካ ነገር ይሆናል፤ ውኃ ለማፍላት ግን ሚቴን አያስፈልግም። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና በናፍጣ ፋንታ በፈሳሽ ጋዝ ቢነዳም አልቃወምም። የምቃወመው ጋዙ ለማድቤቱ መልስ ነው ተብሎ፣ እውነተኛው መልስ ሌላ አሥር ዓመት እንዲቆይ መደረጉን ነው።

ከቡና ሻጯ ቦታ ጥቂት ሄድ ብሎ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1953 ዓ.ም. ያስገነቡት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተወለደበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ብርሃን የሚያልፍበት ሕንፃ። አዳራሹ ባለበት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ስለ «ፍትሐዊ የኃይል ሽግግር» ብዙ ተብሏል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በያዘው የጋራ አቋም የተፈጥሮ ጋዝን ከሽግግሩ መንገዶች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። የክርክሩ ግማሽ በቀጥታ ይገባኛል። አውሮፓ ያን ዓመት በሩሲያ ጋዝ መቋረጥ ተደናግጣ ከየአቅጣጫው ጋዝ ስትለቅም፣ በዚያው ሰሞን ጋዝን ከአረንጓዴ ኢንቨስትመንት ዝርዝር ውስጥ ስታስገባ፣ ለአፍሪካ ግን «እናንተ ተዉት» ስትል መስማት ያበሽቃል። መብት አለን፤ አዎን። ነገር ግን የመብት ክርክርና የጥቅም ክርክር አንድ አይደሉም። ጎረቤቴ ሲጋራ ያጨሳል ብዬ እኔም የማጨስ መብት አለኝ ማለት እችላለሁ፤ ሳንባዬ ግን መብቴን አያነብም።

የዋስትናውን ነገር ደግሞ ከጎረቤት እንማር። ግብፅ በ2015 እ.ኤ.አ. ዞህር የተባለውን ግዙፍ የባሕር ጋዝ ስታገኝ ጉዳዩ አበቃ ተብሎ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን በቧንቧ አገናኘች፤ ይህን መካድ አይቻልም፤ ድንቅ ሥራ ነው። ለአውሮፓም ሸጠች። ዞህር እየቀነሰ ሲመጣ ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ካይሮ መብራት በፈረቃ አጠፋች፤ ጋዝ ሻጭ የነበረችው አገርም ጋዝ ገዢ ሆነች። በሰኔ 2017 ዓ.ም. እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ እስራኤል የጋዝ መስኳን ዘጋች፤ የግብፅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎችም ሥራ አቆሙ። ጋዝ ላይ የተመሠረተ ማድቤትና ፋብሪካ ሌሎች አገሮች በሚዋጉበት ጦርነት ይጠፋል። ሞዛምቢክ ካቦ ዴልጋዶ ላይ በ2013 ዓ.ም. የፓልማ ጥቃት ደርሶ የቶታል የ20 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ለዓመታት ቆመ። ናይጄሪያ ከቦኒ ደሴት ፈሳሽ ጋዝ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ የገጠር ማድቤቷ ግን ዛሬም በእንጨት ነው።

ለእኛም ቅርብ ትዝታ አለ። እስከ 1989 ዓ.ም. አሰብ ማጣሪያ ነበረን ማለት ይቻላል። ማጣሪያው ተዘጋ፤ ዓመት ሳይሞላ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣ፤ ነዳጃችን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ዋስትና ማለት ንብረቱ የማን ነው ማለት አይመስለኝም። ዋስትና የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ ሰንሰለቱ በስንት እጅ፣ በስንት ኬላ፣ በስንት ገንዘብ ዓይነት ውስጥ ያልፋል የሚለው ነው። ከካሉብ እስከ ካዛንቺስ በመኪና መንገድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከካዛንቺስ ማድቤት እስከ ቅርቡ ትራንስፎርመር ስንት ነው? በሜትር ይለካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። አገሪቱ ውስጥ ከሚነደው ኃይል አሥር ብንለው ዘጠኝ ያህሉ እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። ይህ ሁሉ የሚነደው በአብዛኛው በሴቶች ፊት ላይ ነው። ስለ «ሽግግር» ስናወራ ግን አእምሯችን የሚሄደው ወደ መኪና ነው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ውሳኔው ድፍረት ነበረው፤ አልነቅፈውም። ግን ተመልከቱ፦ የአባትየው መኪና ወደ ኤሌክትሪክ ሲገባ የእናትየው ምድጃ ከሰል ላይ ቀረ። አዲሱ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሳይ ትዝ ያለኝ ያቺው ቡና ሻጭ ናት። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጀበና ይሰካል?» ብትለኝ ምን እላታለሁ ብዬ አሰብኩ። ይሰካል ነው መልሱ። አንድ ጀበና ለማፍላት የሚያስፈልገው ኃይል የመኪናውን ባትሪ ለመሙላት ከሚያስፈልገው ከመቶ አንዱን እጅ እንኳ አይሆንም።

ካዛንቺስ ስሙ እንኳ ከመኖሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የሚለው የተቋሙ ቤቶች ስም በአፋችን ካዛንቺስ ሆነ። በኋላ ሰፈሩ የቀበሌ ቤት፣ የመጠጥ ቤት፣ የቢሮ፣ የሆቴል ቅልቅል ሆኖ ኖረ። እኔ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ስምንት ቤት ነበር፤ ቆጣሪ ግን አንድ። ስምንት እናቶች፣ አንድ ምጣድ ማስገቢያ መስመር። ተራ ይያዝ ነበር፦ ሰኞና ሐሙስ የነ እንትና፣ ማክሰኞና አርብ የነ እገሌ። ሁለት ምጣድ በአንዴ ከተሰካ ፊውዙ ይሄድ ነበር፤ ያኔ በግቢው ውስጥ የሚሰማው ስድብ ለመጣጥፍ አይሆንም። ለሁላችን እማማ የነበሩት ትልቋ ሴት ፊውዙን በቀጭን ሽቦ ይጠግኑ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ስንት ጊዜ ከሞት እንደተረፍን አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ኃይሉ አንሶ ምጣዱ ካልጋለ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ያኔ ሁሉም ወደ ከሰሉ ይመለሳል። ግቢውን ወደ ከሰል የመለሰው የጋዝ እጥረት አልነበረም፤ የቆጣሪ እጥረት ነው።

ይህ ቆጣሪ የክርክሬ ልብ ስለሆነ ትንሽ ላቆያችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ ይጎትታል። ለሁለት ሰዓት ቢጋገር ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትጋግር ቤተሰብ በወር ለእንጀራ ብቻ ወደ ስድሳ ኪሎ ዋት ሰዓት ትደርሳለች። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ድሃውን ለመደገፍ ተብሎ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ነው። በታኅሣሥ 2011 ወጥቶ ደረጃ በደረጃ በተተገበረው ታሪፍ፣ በመጨረሻው እርምጃ ለዚያ እርከን በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ እርከኑ ግን እንዳለ ነው። አሁን ያን የስምንት ቤት ግቢ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ስምንት ቤተሰብ፣ እያንዳንዷ ለእንጀራ ስድሳ፤ ድምሩ 480። ገና አምፖል አልበራም፣ ራዲዮ አልተከፈተም። ቆጣሪው ግን ስምንት ድሃ አያይም፤ አንድ ሀብታም ያያል። በቪላ ብቻውን የሚኖረው ሰው ምናልባት በመካከለኛው እርከን ይከፍላል፤ የጋራ ግቢው በላይኛው እርከን።

ድጎማው ድሃውን ለመርዳት ታስቦ ድሃው ላይ ተገልብጦ ወደቀ ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል ቧንቧ አያስፈልግም፣ የውጭ ኩባንያ አያስፈልግም፣ 162 ዲግሪ ቅዝቃዜ አያስፈልግም። በአንድ ቆጣሪ ስር ስንት ቤተሰብ እንዳለ መቁጠርና የርካሹን እርከን በዚያ ማባዛት ብቻ ነው። ወረዳው ስንት ቤተሰብ እንዳለ ያውቃል፤ ስኳርና ዘይት በሸማቾች ማኅበር ሲከፋፈል የቤተሰብ ቁጥሩን በቃሉ ይዞት ነበር እኮ።

«መብራት ይጠፋልሃ!» ይሉኛል። ይጠፋል። ግን ለምን እንደሚጠፋ እንመርምር። ኃይል አንሶ ነው? አገሪቱ ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ለቢትኮይን ቆፋሪዎች ሳይቀር ሸጣለች፤ ከእነሱ ዶላር ስለሚገኝ። ጋኑ ሙሉ ነው፤ የጠበበው አንገቱ ነው። የሚጠፋው ከዋናው መስመር ወዲህ፣ በአሮጌ ሽቦና በተጫነ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ካሉብ ላይ ሊሠራ የታሰበው 1,000 ሜጋ ዋት የጋዝ ጣቢያ ጋኑ ላይ ውኃ ይጨምራል እንጂ አንገቱን አያሰፋም። ድርቅ ሲመጣ ግድቦች ሲጎድሉ እንዲህ ያለ ጣቢያ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያ ግን ለዘወትር የሚጓዙበት ድልድይ አይሆንም።

ድልድይ የሚለውን ቃል ጨርሶ አልወደውም። ድልድይ ሰው የሚሻገረው አንዴ ነው። ቧንቧ ግን ለአርባ ዓመት ይቀበራል። አንዴ ለአንድ ከተማ ማድቤት ቧንቧ ከዘረጋህ፣ ገንዘቡን እስክታስመልስ ድረስ ያ ከተማ ጋዝ መግዛት አለበት። በየመገጣጠሚያው የሚያፈስሰው ሚቴን ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ የአየር ሙቀትን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰማንያ እጥፍ በላይ ይጨምራል። እኛ የሚያሳፍር የልቀት ታሪክ የለንም፤ ስለ አየር ንብረት ስብከት ልስጥ አላልኩም። ግን ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ በቀጥታ መሄድ የሚችል ሰው በመሃል ለምን ጋዝ ይቀበርለታል?

ቡታ ጋዝ ግን ይኑር። መብራት በጠፋበት ምሽት ለሕፃን ወተት ማሞቂያ ትንሽ ሲሊንደር ቤት ውስጥ መኖሩ ቅንጦት አይደለም። ነጭ ጋዙ ድጎማው ተነስቶ ሲወደድ ድሃው ወደ ከሰል እንደተመለሰ አይቻለሁ፤ ኤሌክትሪኩ ላይም ያው እንዳይደርስ እፈራለሁ። ለዚህ ነው የታሪፉ ነገር የሚያንገበግበኝ።

በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ወደተሠራላቸው መኖሪያ ገብተዋል። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ቆጣሪውም ለየቤቱ ነው፤ ያ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ባለሥልጣናት ያልኮሩበት ግን ሊኮሩበት የሚገባ። ሆኖም ከግቢ ወደ ፎቅ የወጣች እናት ከሰሏን ይዛ ትወጣለች፤ በረንዳ ላይ ታነዳለች፤ ጭሱ ወደ ላይኛው ጎረቤት ይገባል፤ ጠብ ይነሳል። ምጣድ ለመግዛት በአንዴ የሚያስፈልገው ገንዘብ በየቀኑ በፌስታል ከሚገዛ ከሰል ጋር አይወዳደርም፤ ከሰል ውድ ነው፣ ግን በዱቤም በትንሽ በትንሽም ይገዛል። ሰው ስልክ በየወሩ እየከፈለ ይገዛል፤ ምጣድ በዚያው መንገድ የማይሸጥበት ምክንያት አልታየኝም። ምጣዱንም ከመብራት ካርዱ ጋር አያይዞ በየወሩ መቀነስ ይቻላል። ለጋዝ ቧንቧ ከሚወጣው ገንዘብ ከመቶ አንዱ እጅ ስንት ምጣድ እንደሚገዛ አንድ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ሊያሰላው ይችላል። እስካሁን ስሌቱን ሲያነብ የሰማሁት ባለሥልጣን የለም።

አንድ ነገር ቀረ፤ ሳልናገረው ብጨርስ ለራሴም ያሳፍረኛል። ጋዙ የግድ ማድቤት መግባት አለበት ከተባለ፣ የካዛንቺስ ማድቤት በወረፋው መጨረሻ ላይ መቆም አለበት። አዲስ አበባ ስለ ካሉብ ስታወራ የምትጠይቀው «መቼ ይደርሰናል?» ብቻ ነው። የሺላቦ ሴት ግን ማሳው አጠገብ ናት። ቴኔኮ ጉድጓዱን ሲቆፍር፣ ሶቪየቶች ሲመጡ፣ ፔትሮናስ ሲወጣ፣ ቻይናዎቹ ሲመለሱ እዚያው ነበረች፤ ግራር እየለቀመች እያነደደች። ለእሷ ማድቤት ሺህ ኪሎ ሜትር ቧንቧ አያስፈልግም። 1,000 ሜጋ ዋቱ ጣቢያ የሚቆም ከሆነ ከእሱ የሚወጣው ከፍተኛ ገመድ በመንደሯ ላይ አልፎ ወደ እኛ ሊመጣ ነው። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው ትራንስፎርመር ሺላቦ ይተከል።